ጥጡ በየትኛው ጆሮዬ ነበር?

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቆጣሪዬ፤

ብዕሩን የያዘችው ከእኔ ክፍል ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ቃሉ የእኔ፣ እጁ የእሷ ነው። ፊደሉ ከተጣመመ እሷን ውቀሺ፤ ነገሩ ከመረረሽ እኔን። ስትወጪም ስትገቢም አምላክ ዓይኑን ከአንቺ አያንሣ። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ላይ ጉልበቴ ይሰድበኛል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ሥራ ላይ ነው።

ልብስ ሰፊዋ «ትንሽ ለስለስ ያለ ነገር ይበሉ እንጂ» ትለኛለች። ለስላሳ ነገር ለማጻፍ አልጠራኋትም።

ስልክ አትደውይልኝ ያልኩሽን አትቀየሚኝ። ጆሮዬ በስልክ የሚሰማው የራሱን ፉጨት ብቻ ነው። ይህች ሴት «በስልኬ ፎቶ አንሥቼ በአንድ ደቂቃ ልላክልዎት» ትላለች። እምቢ ብያለሁ። ደብዳቤ በእግሩ ይሂድ። የቸኮለ ነገር ምን እንደሚያደርግ እኔ ድማሚት ስለኩስ የኖርኩት ሰውዬ አውቃለሁ።

አሁን ወሬ ስሚ። የጡረተኞች ማኅበር ጠርቶኝ ነበር። የድሮው መጋዘን ያዥ፣ ያ ምላሱ የማያርፈው፣ ሊቀ መንበር ሆኗል። ፎቶዬን አሳድገው አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅሉት ነው። ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ? «ሃያ ስድስት ዓመት በድንጋይ ካባው ድማሚት አፈነዳ፤ በእሱ እጅ አንድም ሰው አልተጎዳም።» ሌላ ድንጋይ የሚፈነቀልበት ካባ ሄደሽ ብታዪ ጣት የሌለው፣ ዓይን የሌለው ስንቱ አለ። በእኔ ካባ አንድ ጥፍር አልተነቀለም። ፎቶ ሲያነሡኝ መጋዘን ያዡ «ፈገግ በል እንጂ» አለኝ። «የድማሚት ክር እየለኮሰ የፈገገ ሰው አይተሃል?» አልኩት።

አንቺስ? ያንን ቻይንኛ አሸነፍሽው ወይስ አሸነፈሽ? እዚህ ሰው ሁሉ «የእህትህ ልጅ አስተርጓሚ ሆነች አሉ» ይለኛል። እኔም «ድሮም ጆሮ ያላት ልጅ ናት» እላለሁ። ሥራ ቦታሽ ላይ ሆነሽ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ። ከእኔው አጠገብ ይሰቅሉታል።

አጎትሽ

*

ኅዳር 2 ቀን

ውድ አጎቴ፤

ለጤናዎ ሳልለምን የዋልኩበት ቀን የለም። ጉልበትዎ ስድቡን ይተውልኝ። ልብስ ሰፊዋንም ስለ እጃቸው ያመስግኑልኝ፤ ፊደላቸው ከእኔ ይበልጣል። በፎቶው ደስ ብሎኛል፤ ይገባዎታል።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛልና እውነቱን ልንገርዎት። ቻይንኛ ቃሉን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ቃሉ የሚወጣበት ዜማ አለው። «የን» የምትባል አንዲት ድምፅ አለች። ከፍ ብላ ሳትነቃነቅ ከሄደች ጭስ ናት። ወደ ላይ ከወጣች ጨው ናት። ወርዳ ከተነሣች ዓይን ትሆናለች። በር ተዘግቶ፣ አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲናገር አንዷም አታመልጠኝም። መምህሬ «አንቺ እኮ ስትወለጂ ያለቀስሽው በዚህ ቋንቋ ነው» ይሉኝ ነበር።

የምሠራው ግን ዕቃ ማራገፊያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሹፌሮቹ ቻይንኛ ይናገራሉ፤ መዝጋቢዋ አትችልም፤ እኔ መሃል እቆማለሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ዕቃ አንሺው ፎርክሊፍት ይጮኻል፣ የብረቱ በር ሲዘጋ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እዚያ መሃል ዜማው ሁሉ አንድ ይሆንብኛል። ከንፈር አይቼ እንዳልድን ዜማው ያለው ጉሮሮ ውስጥ ነው። አለቃዬ «ወንበር ላይ አስተርጓሚ ነሽ፤ አዳራሽ ውስጥ ገማች» ብለውኛል። እስከ ሚያዝያ ሊያዩኝ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ያስገባሉ።

ስንፍና መስሎኝ ስንት ጊዜ አለቀስኩ መሰለዎት። አንዲት ስለ ጆሮ የምታጠና ሐኪም ሰው ትፈልጋለች ሲባል ሄድኩ። ዙሪያውን ድምፅ ማጉያ ባለበት ክፍል አስቀመጠችኝ። ቃሉ ከፊቴ ይመጣል፣ ጫጫታው ከጎን ይመጣል፤ እኔ የሰማሁትን ዜማ ቁልፍ ተጭኜ እናገራለሁ። ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ጫጫታው በአንድ በኩል ሲሆንለት ድምፁን ከውስጡ መዝዞ ያወጣዋል። አንዱን ጆሮ ሲደፍኑበት እሱም እንደ እኔ ይሳሳታል። እኔ ደግሞ ጫጫታው በማይሰማው በግራዬ ሲመጣ እድናለሁ፤ በቀኜ ሲመጣ አበቃልኝ። ሁለቱ ጆሮዎች የሚሰሙትን እያስተያዩ ነው የሚሠሩት አለችኝ። ለካ ሰነፍ አልነበርኩም። ባለ አንድ ጆሮ ነበርኩ እንጂ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ የደነቆረ ጆሮን የሚያሰማ መሣሪያ አለ። ሐኪሟ መሣሪያው በሚተከልላቸው ሰዎች ዝርዝር ልታስገባኝ ትችላለች። ግን ጆሮዬ ስወለድ ጀምሮ የማይሰማ ከሆነ በዚህ ዕድሜዬ አይጠቅመኝም፤ መስማት ያልለመደ ጆሮ አሁን አይለምድም አለች። አንድ ጊዜ ሰምቶ በኋላ የጠፋ ከሆነ ግን ተስፋ አለው። ዓመቱ ሲረዝም ተስፋው ይቀንሳል እንጂ አለው። ከቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ቃሉን እንዲሰጥ ትፈልጋለች። ዝርዝሩ የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው።

እናቴ «ስትወለጂ ጀምሮ ነው» ትለኝ ነበር። ስትለኝ ግን ወደ ሌላ ታያለች። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ከመቼ ጀምሮ ነው?

የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ብዕሩን የያዘችው ያችው ናት። የዘገየሁት እሷ ታማ ስለነበር ነው። ሰው ታሞ ጻፊልኝ አይባልም።

የፎቶው ፍሬም መጥቷል። መጀመሪያ ያመጡት ጠባብ ነበር፤ ጆሮዬን ሊቆርጡት ነበር። «ወይ ፍሬሙን አስፉ ወይ እኔን አጥብቡ» አልኳቸው። አስፍተው አመጡት። የሚሰቀለው በር እንደገቡ በስተቀኝ ነው። መጋዘን ያዡ ራሱ ሚስማሩን መታ፤ ሁለት ጊዜ አውራ ጣቱን መትቶ ሦስተኛው ላይ ገባለት። ጉልበቴ ደህና ነው። ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ አስደፍኛለሁ።

ሐኪም ቢላ መያዝ ይወዳል። ከቆዳ ሥር ብረት ቀብሮ መኖር ምን ይሉታል? እኔ ሁለቱም ጆሮዬ እያፏጨ ይኸው ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ። አለቃሽንም «ጮክ ብላችሁ ተናገሩ» በዪው።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ከልደትሽ ነው። እናትሽ ያለችሽ ልክ ነው። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ፎቶውንም ተዪው፣ አትላኪ። ግድግዳው ሞልቷል።

አጎትሽ

(ማንበብ ስለማይችሉ ይህችን ሳልነግራቸው አስገባኋት። እኔ ልብስ ሰፊዋ አልታመምኩም ነበር። ደብዳቤሽ ከመጣ ጀምሮ አራት ጊዜ ጠርተውኝ አራት ጊዜ «ነገ» ብለው መልሰውኛል። ልብስ እንጂ ሰው መስፋት አልችልም፤ ግን የተቀደደ ነገር ሳይ አውቃለሁ።)

*

ጥር 18 ቀን

ውድ አጎቴ፤

በጤና ያገኝዎ ዘንድ እመኛለሁ። ጣራው መደፈኑ ጥሩ ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቃልዎን ለሐኪሟ ነገርኳት። ስሜን ከዝርዝሩ ሠረዘችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትሠርዘው ብዕሯን ቀስ አድርጋ ነው። ሁለተኛ ዝርዝር በመጋቢት መጀመሪያ ይከፈታል፤ ለእኔ ግን አይሆንም።

ልብስ ሰፊዋ ታመው እንዳልነበር ተነግሮኛል። በእሳቸው አይቆጡ። እኔም በእርስዎ አልተቆጣሁም።

የጻፍኩት ግን ለሌላ ነገር ነው። ከመሠረዜ በፊት የመጨረሻውን ምርመራ ሲያደርጉልኝ ደህናውን ጆሮዬን፣ ቀኙን፣ በጥጥ ደፈኑት። ዓለም ጠፋ። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የለም። ጥጡ ጆሮዬን ሲነካኝ ግን ካባው ትዝ አለኝ። ግንቡ ኋላ ተቀምጬ፣ እርስዎ ጥጥ ጠቅልለው ጆሮዬ ውስጥ ሲከቱልኝ፣ ከዚያ መሬቱ ሲነሣ፣ እኔ በጣቶቼ ስቆጥር፣ ሠራተኞቹ «ቆጣሪ ስንት አለች?» ሲሉ። በልጅነቴ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። አንዳንድ ቀን እስከ አሥራ ሁለት እቆጥር ነበር።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ። ትዝ የሚለኝ የቀኝ እጅዎ በቀኝ ጉንጬ ላይ ነው። ግን ልጅ ነበርኩ፤ ልሳሳት እችላለሁ። ጥጡ በቀኜ ከነበረና ግራዬ ከልደቴ የማይሰማ ከሆነ፣ አጎቴ፣ እኔ አሥራ ሁለት የቆጠርኩት በምንድን ነው?

ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ጥጡ በየትኛው ጆሮዬ ነበር?

የእህትዎ ልጅ

*

የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ብዕሩን የያዘችው ያችው ጉደኛ ናት። ደብዳቤሽን ስታነብልኝ «ታመው እንዳልነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳል ያዛት። «ምን ይላል?» አልኳት። «ጉንፋን ነው» አለች። «ደብዳቤው ነው ጉንፋን የሚለው?» ስላት ፊቷን ክሯ ውስጥ ቀብራ አነበበችው። የሰደብኳትን ስድብ እዚህ አላጽፍም፤ እሷም አትጽፈውም። «እርስዎ በእኔ በሽታ አሳበቡ፣ እኔ በእርስዎ ደብዳቤ ዳንኩ» አለችኝ። ከዚያ የጥጡን አነበበችልኝ። «ብዕርሽን አንሺ» አልኳት።

ጥጡ በቀኝሽ ነበር።

ሐኪሟ ሌላውን ባታነበው ይህን ታንብበው። ግራ ጆሮሽ ስትወለጂ ደህና ነበር። እስከ ስድስት ዓመትሽ ይሰማ ነበር። ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ልብስ ሰፊዋ «ቀስ ይበሉ፣ እጄ አልደረሰም» ትላለች። ቀስ ካልኩ እተወዋለሁ፤ ስለዚህ እሷ ትሩጥ።

አሥራ ሁለት ጉድጓድ ውስጥ ድማሚት ይገባል፣ አሥራ ሁለት ክር ይለኮሳል፣ ግንብ ኋላ ሮጠን እንቆጥራለን። አሥራ ሁለት ከፈነዳ ሰው ይገባል። አሥራ አንድ ከሆነ አንዱ ተኝቷል ማለት ነው፤ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ቆጠራ የሳተ ሰው ይገድላል። የእኔ ጆሮ ያኔ አልቆ ነበር። ለአለቆቹ ብናገር ከሥራውም ካባው ከሰጠኝ ቤትም እወጣለሁ፤ አባትሽ ጥሏችሁ ከሄደ ወዲህ አንቺና እናትሽም በዚያው ቤት ነበራችሁ። ሌሎቹ ሠራተኞችም ከእኔ አይሻሉም። ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ገደል እያንዳንዱን ፍንዳታ ይመልሰዋል፤ የትኛው ድማሚት የትኛው ገደል እንደሆነ አይለይም።

አንድ ቀን ከእናትሽ ጋር የሠራተኞቹን የታጠበ ልብስ ልታመጪ መጥተሽ ግንቡ ኋላ ቆየሽ። እኛ ሰባት ነው፣ ስድስት ነው ስንባባል አንቺ «ስድስት ነው፤ ያኛው ድንጋዩ ነው የመለሰው» አልሽ፤ በጣትሽ ገደሉን እያሳየሽ። ሄጄ አየሁ። ስድስት ነበር። አምስት ዓመትሽ ነበር። ያች አጥኚ ሁለት ጆሮ ድምፅን ከጫጫታ መዝዞ ያወጣል ያለችሽን እኔ ያን ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። ማን ጠየቀኝ?

እናትሽ አልወደደችውም። «የልጄን ጆሮ ድፈንልኝ» አለች። «ከደፈንኩት በምን ትቆጥራለች?» አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን እንደ ገበያ ሰው መሃል ላይ ተገናኘን፤ አንዱ ይደፈን፣ አንዱ ይከፈት። አንዱ ለእናትሽ፣ አንዱ ለካባው። ሁለታችንም የተጠነቀቅን መስሎን ተስማማን። ጥጡን የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። በቀኝሽ ከትቼ ግራሽን ወደ ድንጋዩ አዙሬ አስቀምጥሻለሁ። በአንድ ጆሮ ሲሆንብሽ ገደሉን በጣት ማሳየት ተውሽ። ይህንንም አየሁ። ግን ቁጥርሽ አሁንም ከእኛ ይሻል ነበር፤ ለእኔ ያ በቃኝ። ዓመት ከምናምን እንዲህ ሆነ።

አንድ ቀን አሥራ ሁለት ለኮስን። «ቆጣሪ ስንት አለች?» አሉ። «አሥራ አንድ» አልሽ። «ደግመሽ አስቢ።» «አሥራ አንድ።» ሃያ ሰባት ሰው ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ብቻዬን ገባሁ፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ በእጄ ዳበስኩ። አሥራ ሁለቱም ፈንድቷል። ወጥቼ በሰው ፊት ጮኽኩብሽ። እንቅልፋም አልኩሽ። ሰው አስገዳይ አልኩሽ። የስድስት ዓመት ልጅ። አንቺ አላለቀስሽም፤ ጣቶችሽን እያየሽ ነበር፤ የትኛው ጣት እንደከዳሽ የምትፈልጊ ይመስል።

በማግስቱ ዘጠኝ ለኮስን፤ «ሰባት» አልሽ። ያን ጊዜ አልጮኽኩም። ሠራተኞቹ ሲገቡ አስቀረሁሽ። ቀኝሽ እንደተደፈነ ከኋላሽ ቆሜ ጠራሁሽ። ዝም። ጮክ አልኩ። ዝም። ጥጡን አውጥቼ ግራሽ ውስጥ ከተትኩና ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ ማለት ይቻላል፤ ወዲያው ዞርሽና «አቤት አጎቴ» አልሽኝ። እየሳቅሽ። ጨዋታ መስሎሽ ነበር።

ጥጡን ኪሴ ከተትኩት። ለእናትሽ «ከልደቷ ነው እንበል» አልኳት። ካባው ልጅ ማሠራቴን ካወቀ ሦስታችንም ሜዳ ላይ ነን። እሷ እስክትሞት ቃሏን ጠበቀች። ለእኔ ብላ ለልጇ ዋሸች፤ ዓይንሽን ያላየችው ለዚያ ነው። እሷን አትውቀሻት። ሐኪም ጋ በዚያው ሳምንት ብወስድሽ ምን ይሆን ነበር? አላውቅም። ሃያ አምስት ዓመት ያልጠየቅሁት ያንን እንዳላውቅ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሌላ ዕድል ሰጥተሽኝ እሱንም አቃጠልኩት። ይህኛውን ድህነት አመካኝቼ አላመልጥም፤ አሁን ከቤት የሚያስወጣኝ ሰው የለም። ፎቶው ነው የያዘኝ። ለአንድ መስመር ጽሑፍ ብዬ።

ትናንት ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። መጋዘን ያዡን «አውርደው» አልኩት። «ሚስማሩ እኮ አዲስ ነው፤ አውራ ጣቴን የከፈልኩበት!» አለ። «ፎቶው ይቆይ ካልክ ይቆይ፤ ጽሑፉን አውርደው። አንድ ሰው ተጎድቷል።» «ማን?» «ቆጣሪዋ።» ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። «ያቺ ፀሐይ ላይ ያስቀመጠችን ትንሿ?» አለ። «እሷ ናት። እሷ አላስቀመጠችህም፤ እኔ ነኝ» አልኩት። መሰላል አምጥቶ ራሱ አወረደው።

ይቅርታ ማለት አፌ አልለመደም። ልብስ ሰፊዋ «እኔ ልጻፈው?» አለችኝ። አንቺ ከጻፍሽው ያንቺ ይሆናል አልኳት። እኔው ልበለው። ይቅር በዪኝ። ካልሆነልሽም መብትሽ ነው፤ አልቀየምም፤ የምቀየምበት ፊት የለኝም። ከአንቺ ምንም አልፈልግም፤ ፎቶም፣ መልስም።

ቀለም ነክሬ አውራ ጣቴን ከታች አትሜያለሁ፤ ሐኪሟ ማስረጃ ካለች ይኸው። ይህ ደብዳቤ በእግሩ አይሄድም። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ስልኳ ፎቶ ታንሣውና ዛሬውኑ ትላክልሽ። መጋቢት ደርሷል።

አጎትሽ

አሁን ቀና በዪና አንብቢልኝ፣ አንቺ ሴትዮ። ጮክ ብለሽ፣ ከመጀመሪያው። ከራስሽ የጨመርሽው ካለ እሱንም አንብቢው፣ አልሳደብም። የጥጡ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቢልኝ፤ በቀኝ ፋንታ ግራ ጽፈሽ ከሆነ ልጅቷን ሁለተኛ አደነቁራታለሁ።